በ4,500 ብር የገዛሁት ጊታር

መቼም ርካሽ ዕቃ አግኝቶ አፉን የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም፡፡ ጫማም ይሁን ጃኬት ‹‹እስቲ ስንት ገዛሁት?›› ሳይል የሚውል የለም፡፡ እኔም ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ላውንጅ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ‹‹ገምት››፣ ‹‹ገምቺ›› ስል ነው የከረምኩት፡፡ የእኔው ግን ጫማ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፡፡ ያውም ጃፓን የተሠራ ያማሃ ኤስ ጂ፣ በ4,500 ብር! ገምቱ ካልኳቸው ልጆች ከ20 ሺህ በታች የጠራ አልነበረም፡፡ ይኼን የምጽፈው ጉራ ለመንዛት አይደለም (ትንሽ ጉራ እንዳለበት ግን አልክድም)፡፡ የምጽፈው በዚያ ግዢ ላይ ማወቄን እያወቅሁ ሳልናገር ስላለፍኩት ነገር ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ለኢንተርቪው የምጠቀምባት ድምፅ መቅጃ ባትሪ አልይዝ አለችኝና ፍራንኮ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ፡፡ ሱቋ ጠባብ ናት፤ ዙሪያዋን ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች፣ የሪሞት ክምርና ማን እንደጣላቸው የማይታወቁ ቴፖች ሞልተውባታል፡፡ ከአንድ ትልቅ የድሮ ቴሌቪዥን ጀርባ አንገቱ ብቻ ብቅ ያለ ነገር አየሁ፡፡

‹‹ያ ምንድን ነው?››

‹‹ጊታር ነዋ፡፡ የአንዲት እናት ነው፡፡ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አልጋ ሥር ቆይቶ ቆይቶ ነው ያመጡት፡፡ ስድስት ሺህ ካወጣ ሽጠው ብለውኛል፡፡››

አንስቼ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን አቧራ በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው ያማሃ የሚለው ጽሑፍ ወጣ፡፡ ከሥሩ ባለችው ትንሽ ክዳን ላይ ደግሞ የሞዴሉ ስም፡፡ እውነቱን ልናገርና እጄ ተንቀጠቀጠ፡፡ ጊታር መጫወት የጀመርኩት ሁለት ዓመት አይሞላኝም፤ ያስተማረኝም በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ሊድ ጊታር የሚጫወት የክፍላችን ልጅ ነው፣ በተዋሰው ቦክስ ጊታር፡፡ እሱ ስለ ጊታር ሲያወራ ምግብ ይረሳል፡፡ ያማሃ ይኼን ዘር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እንዳወጣው፣ ካርሎስ ሳንታናም በዚያው ዐሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ መድረክ ላይ የያዘው የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኤስ ጂ 2000 እንደነበረ፣ ውጭ አገር ዛሬም ያገለገለው ራሱ በብዙ መቶ ዶላር እንደሚሸጥ ከእሱ ሰምቻለሁ፡፡ ሁለት ቀንድ ያለውን ቅርጹን በፎቶ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፡፡

ታዲያ ምን አደረግሁ? ፊቴን አጨፈገግሁ፡፡ ‹‹ክሩ በሙሉ ዝጓል፤ አንዱ ጭራሽ የለም፡፡ ድምፅስ ይሰጣል?›› አልኩት፡፡ ልጁ ገመድ ሰክቶ ሞከረው፤ ጢጥ አላለም፡፡ ‹‹አየህ፣ የሞተ ነው›› አልኩ፡፡ ድምፅ እምቢ ያለው የመሰኪያው ሽቦ ተላቆ ሊሆን እንደሚችል፣ ይኼ ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፡፡ እሱም ጠጋኝ ስለሆነ ከፍቶ ቢያየው ያውቀው ነበር፤ ግን ማን ትኩረት ሰጥቶት! ‹‹አራት ተኩል›› አልኩ፡፡ ስልክ ደወለላቸው፡፡ ‹‹እትዬ፣ አንዲት ተማሪ መጥታ አራት ሺህ አምስት መቶ ትላለች፤ ዕቃውም አይሠራም፡፡›› ከስልኩ ውስጥ የመለሱለት ተሰማኝ፡- ‹‹ተማሪ ከሆነችማ ትውሰደው፡፡››

ይቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፡፡ እኔ ያኔ ልብ አላልኳትም፡፡

በነገራችን ላይ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ ከእኔ ስህተትም ከእኔ ብልጠትም ተማሩ፡፡ መጀመሪያ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት፤ የተጣመመ ከሆነ እዚያው ይታወቃል፡፡ ጥቂት የጎበጠ እንደሆነ በውስጡ ያለፈው የብረት ዘንግ በቁልፍ ሲዞር ይስተካከላል፣ የተጠማዘዘ ከሆነ ግን ተዉት፡፡ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከአንገቱ የሚጋጠምበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ ወድቆ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ ጊታር እዚያ ጋ ነው የሚጋለጠው፡፡ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ስትጫኑና ሳትጫኑ የሚወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት ሆኖ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ካላለ ችግር አለ ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን የሚስተካከል ችግር ነው፡፡ የድምፅ መዞሪያው ሲዞር ሻሻ ቢል አትደንግጡ፤ አቧራ ነው፡፡ ጭራሽ ድምፅ የማይሰጥ ከሆነም አትሽሹ፡፡ ኤሌክትሪክ ጊታር ውስጡ እንደምትፈሩት አይደለም፡፡ ማግኔት አለ፣ በማግኔቱ ላይ በሺዎች ዙር የተጠመጠመ ፀጉር የሚያክል የመዳብ ሽቦ አለ፣ የብረቱ ክር ከላዩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ እሱ ወደ አምፕ ይሄዳል፡፡ በቃ፡፡ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ላይ ነው እንጂ ማግኔቱ አይደለም፡፡

የእኔውም እንደዚያው ሆነ፡፡ ጓደኛዬ ዶርም ውስጥ የኋላ ክዳኑን ፈትቶ፣ የተላቀቀችውን ሽቦ በስታኞ አያይዞ፣ አዲስ ክር አስገብቶ አቃናው፡፡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልምምዳቸው በፊት በእነሱው አምፕ ላይ ሰካነው፡፡ አንድ ክር ብቻ ነካ አድርጌ ተውኩት፡፡ ድምፁ አላልቅ አለ፡፡ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቀጥኖ ጠፋ፡፡ ጓደኛዬ ጭንቅላቱን ይዞ ‹‹አንቺ ልጅ ምንድን ነው ያደረግሽው?›› አለኝ፡፡ ማድነቁ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ በየላውንጁ የሚወራው የእኔ ዕድለኝነት ሆነ፡፡

ኅዳር ላይ ለሦስት ቀን ወደ ቤተሰቦቼ ወደ መቂ ወረድኩ፡፡ ጊታሩን ተሸክሜው ነው የሄድኩት፣ በሞጆ በኩል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፡፡ እናቴ ‹‹አምጪ የነበረው ድግሪ መስሎኝ›› ብላ ሳቀች፡፡ ለአባቴ እንደለመድኩት ‹‹ገምት›› አልኩት፡፡ አባቴ ጊታር ዋጋው ስንት እንደሆነ ስለማያውቅ መገመት አልቻለም፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገርኩት፡፡ ፊቴን እንዴት እንዳጨፈገግሁ፣ ‹‹የሞተ ነው›› እንዳልኩ፣ ሌላ አገር ስንት እንደሚሸጥ… እየሳቅሁ ነበር፡፡ አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፡፡

‹‹ሴትዮዋ ያውቃሉ?››

‹‹ምኑን?››

‹‹ዋጋውን ነዋ፡፡››

‹‹እንዴት ያውቃሉ!›› አልኩ፣ አሁንም እየሳቅሁ፡፡ አባቴ ግን ተነስቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ፡፡

መቂን የማታውቁ ካላችሁ፣ አገሩ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፡፡ ከወንዙና ከዝዋይ ሐይቅ በሚሳብ ውሃ የሚለማ ማሳ ነው የሚያኖረን፡፡ አባቴም ሽንኩርት ያመርታል፡፡ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ደላላ ከአንድ ነጋዴ ጋር ማሳችን ድረስ መጥቶ ሽንኩርቱን እዚያው መሬት ላይ እንዳለ በኪሎ 5 ብር ገዛው፡፡ ደላላው በየመሃሉ ስልክ ሲደወልለት ወደ ቦዩ ራቅ ብሎ ነበር የሚያወራው፡፡ ተመልሶ ሲመጣ ‹‹ገበያው ወድቋል፣ እኔ ባልሆን ማንም አይገዛችሁም›› ይላል፡፡ ጭነቱን አጅቦ የሄደው የአክስቴ ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ፣ ያኔ ፒያሳ በነበረው አትክልት ተራ ኪሎው 11 ብር ሲራገፍ ማየቱን ነገረን፡፡ መኪናና ጉልበት ያወጣል፣ የሚበላሽ አለ፣ ይኼ ሁሉ ይገባናል፡፡ ቢሆንም አባቴ ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ሲያነሳው ‹‹ሰረቀኝ›› አይልም፡፡ ‹‹ዝም አለኝ›› ነው የሚለው፡፡

በዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፡፡ ራሴን ሳየው ወደ ቦዩ ራቅ ብሎ ስልክ የሚያወራው እኔ ሆኜ አገኘሁት፡፡

አሁን ክርክሩ ውስጥ እንግባ፣ ምክንያቱም ይኼን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንድም የደገፈኝ አልነበረም፡፡ አንደኛው ‹‹ዋጋውን የጠሩት እሳቸው ናቸው፣ አንቺ አላስገደድሻቸውም›› አለኝ፡፡ እውነት ነው፤ ግን አባቴንስ ማን አስገደደው? ሌላዋ ደግሞ ‹‹ገበያ ማለት እኮ እንዲህ ነው፣ ካልተከራከርሽ ምኑን ገዛሽ?›› አለች፡፡ እኔ መከራከርን አልጠላም፤ አዳማ ገበያ ውስጥ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው እንግዳ ነው፡፡ ሻጩ ዋጋውን ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ሁለታችሁም ትወናውን ታውቁታላችሁ፡፡ የእኔው ግን የተለየ ነው፡፡ እሳቸው የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ፣ አለማወቃቸውንም አውቃለሁ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ‹‹የሞተ ነው›› ብያለሁ፡፡ ይኼ መከራከር አይደለም፡፡

ሦስተኛው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ የጊታር አስተማሪዬ የራሱ ነው፡፡ ‹‹እኛ እንዲህ ካላገኘን በምን አቅማችን ኤሌክትሪክ ጊታር ልንይዝ ነው?›› አለኝ፡፡ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፡፡

ለመሆኑ በእኛ አገር ኤሌክትሪክ ጊታር የማን ነበር? በካሴት ዘመን የወጡትን ዘፈኖች ስትሰሙ ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን ጊታር ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በብዙዎቹ ላይ የሰላም ስዩምን እጅ ሰምታችኋል፤ መጀመሪያ በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ፡፡ አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አውጥቷል፣ ዛሬም አፍ ያስከፍታል፡፡ በዚያ ዘመን ሙዚቀኛው የሚጫወተው ሆቴል ውስጥ ነው፡፡ በደርግ ሰዓት እላፊ ምክንያት በር ተቆልፎ ከታዳሚው ጋር እስኪነጋ የሚቆይበት ሌሊት ብዙ ነበር፡፡ መሣሪያውን የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የክለቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ነው፡፡ ተጫዋቹ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ጊታሩ ግን የእሱ አይደለም፣ ከሥራ ሲወጣ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው፡፡ ወደ እኛ አካባቢም ብትመጡ ነገሩ ያው ነው፡፡ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 27 እዚሁ አዳማ ሆስፒታል ያረፈው ዓሊ ቢራ ጊታሩንና ዑዱን ይዞ ያሳደጋቸው ጆሮዎች በየቤቱ አሉ፤ መጫወት የሚመኘው ልጅ ስፍር ቁጥር የለውም፣ ጊታር ያለው ግን ስንቱ ነው? ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ሬጌ የሚጫወቱ ልጆች እንኳ አንዱን ጊታር እየተዋዋሱ ነው ሲጫወቱ ያየኋቸው፡፡

አሁን ደግሞ ብሶበታል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም አልተመለሰም፡፡ ጊታር እዚህ አይሠራም፣ ክሩም ከውጭ ነው የሚመጣው፡፡ አዲስ ጊታር ለተማሪ ሕልም ነው፡፡ ስለዚህ የጓደኛዬ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፡፡ እኔም ራሴ ለቀናት ‹‹ልክ ነው፣ የድሀ ልጅ መብት ነው›› እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር፡፡

መልሱን ያገኘሁት ያልጠበቅሁት ቦታ ነው፣ የፍሬሽማን ኢኮኖሚክስ ደብተሬ ላይ፡፡ (መምህራችን ይኼን ካነበቡ ደስ ይበላቸው፣ ሲ ፕላስ ቢሰጡኝም፡፡) ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ያሸለመው ሥራ ከዚያ ነው የሚጀምረው፡፡ ሐሳቡ አጭር ነው፡፡ የመኪናውን ጉድ ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፡፡ ገዢው መታለልን ስለሚፈራ ለማንኛውም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፡፡ በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው ስለማያዋጣው መኪናውን ከገበያ ያወጣዋል፤ ገበያው ላይ ውዳቂው ብቻ ይቀራል፡፡ የእኔ ጉዳይ ተገላቢጦሹ ነው፤ አዋቂው ገዢው ነው፡፡ ውጤቱ ግን ያው አይመስላችሁም? አንዲት እናት ‹‹ተማሪ ናት›› ብለው የሸጡት ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ከሦስት ወር በኋላ ከጎረቤት ቢሰሙ፣ ጎረቤቲቱ አልጋ ሥር ያለው ሳክስፎን ወይም አኮርዲዮን መቼም አይወጣም፡፡ እዚያው ይበሰብሳል፡፡ በዝምታ ርካሽ ጊታር የሚያገኘው የመጀመሪያው ልጅ ብቻ ነው፣ ለሚቀጥለው በሩን ዘግቶበት ይሄዳል፡፡

ይኼ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም፡፡ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሐሳቦቹ አንዱ ገበሬው በዕለቱ ዋጋው ስንት እንደሆነ እንዲያውቅ ነበር፤ በገጠር ገበያዎች ዋጋ የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ በስልክም ይጠየቅ ነበር፡፡ ቡናውና ሰሊጡ በዚያ አለፈላቸው እንበል፡፡ ሽንኩርት ግን እዚያ ውስጥ አልነበረበትም፡፡ ጊታርማ ማን አስታውሶት! ለአልጋ ሥር ዕቃ ሰሌዳ የለውም፤ ዋጋውን ሊናገር የሚችለው ፊት ለፊቱ የቆመው ገዢ ብቻ ነው፡፡

የዓለም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የባሰ ግዢ አለ፡፡ ጆን ሌነን የቢትልስን የመጀመሪያ ዘፈኖች የሠራበትና እ.ኤ.አ. በ1963 የጠፋበት ጊብሰን ጊታር ነበረው፡፡ በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያንኑ ጊታር በ175 ዶላር ገዝቶ ለአሥርት ዓመታት እቤቱ ሲጫወትበት ኖረ፡፡ ማንነቱ የታወቀው ገና በ2014 ነው፡፡ በ2015 በጨረታ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት፤ ገንዘቡም ግማሹ የሌነን ባለቤት ወደምትመራው በጎ አድራጎት ድርጅት ሄደ፡፡ ያ ሰው እንኳ ሲገዛ አያውቅም ነበር፡፡ እኔ ግን አውቄ ነው የገዛሁት፡፡

እናም አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ (ያው ሽንኩርቱን ያጀበው) ሦስት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ዞሮ እንዲጠይቅልኝ አደረግሁ፡፡ አንዱ ‹‹አምጣው›› ብቻ አለ፤ ሁለቱ እንደ ሁኔታው ከ40 እስከ 50 ሺህ ድረስ እንደሚወስዱት ነገሩት፡፡ ይኼን ይዤ ኅዳር መጨረሻ መብራት ኃይል አካባቢ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድኩ፡፡ ሬዲዮ ጠጋኙ አድራሻቸውን የሰጠኝ እያኮረፈ ነው፡፡ ‹‹ሱቄን የሌባ ሱቅ ልታስመስይው ነው›› አለኝ፤ አልተሳሳተም፣ እሱም አያውቅም ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው፡፡

እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፡፡ ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ አለ፤ ሰፊ ኮሌታ ሸሚዝ ለብሰው፣ ያንኑ ጊታር ታጥቀው፡፡ ቀን ቀን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ደግሞ እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወቱ ነበር፡፡ ጊታሩ የሆቴሉ ሳይሆን የራሳቸው ነው፤ በሰው በኩል ከድሬዳዋ ያስመጡት፡፡ ‹‹ስንት እንደገዛው ሳይነግረኝ ሞተ›› አሉኝ፡፡ ‹‹ብጠይቀው፣ ብጠይቀው ይስቃል እንጂ አይናገርም፡፡ ደመወዙን እንደጨረሰበት ግን ገብቶኛል፤ ያን ዓመት ለበዓል ጫማ አልተገዛልኝም፡፡››

እኔም ሁሉንም ነገርኳቸው፡፡ ሽቦዋን፣ ሱቆቹን፣ 50 ሺሁን፡፡ ስጨርስ ዝም አሉ፡፡ ሲኒውን አነሱ፣ አስቀመጡት፡፡

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፡፡ እኔ በመንገዴ ሁሉ ስመኝ የነበረው ‹‹ምን ችግር አለ ልጄ፣ ተጫወችበት›› እንዲሉኝ ነው፡፡ እንዲህ ብለውኝ፣ ኅሊናዬ ንጹሕ፣ ጊታሩም በእጄ፣ ገንዘቤም በኪሴ ሆኖ ልመለስ፡፡ ለዚህ ገጽ የሚሆን አሪፍ ታሪክም ይወጣኝ ነበር፡፡ እትዬ ግን እንዲህ አላሉም፡፡

‹‹እንግዲያውስ ሃያ ሺህ ጨምሪ›› አሉኝ፡፡

ክው አልኩ፡፡ ‹‹እትዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ!››

‹‹አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አርባ ያላልኩሽ፡፡››

አንድ ሰዓት ተከራከርን፡፡ ጊታሩን እንድመልስላቸውና አዲስ አበባ እንዲሸጡት ሐሳብ አቀረብኩ፤ አይሆንም አሉ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋሉ፡፡ ያወጣሁትን የክርና የጥገና ወጪ ቆጠርኩላቸው፤ እሱን ተቀበሉኝ፡፡ ዕውቀቴም ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ሞከርኩ፡፡ እኔ ባላየው ኖሮ ያ ጊታር ቴሌቪዥን ጀርባ ሆኖ አንድ ቀን ለልዋጭ ይሄድ አልነበር? ይኼንንም አሰብ አድርገው ‹‹እሱስ እውነትሽን ነው›› አሉና ቀነሱ፡፡ በመጨረሻ በ12 ሺህ ተስማማን፣ በየወሩ አንድ አንድ ሺህ፡፡ ከበፊቱ ጋር 16,500 ብር መሆኑ ነው፡፡ አዲስ አበባ ከሚያወጣው ከግማሽ በታች ነው፣ ስለዚህ አሁንም ርካሽ ነው፡፡ ልዩነቱ አሁን እሳቸውም ርካሽ መሆኑን ማወቃቸው ነው፡፡ ያን ቀን የተደረገው ክርክር ከመስከረሙ ክርክር ጋር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አንድ ነገር አይደለም፤ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን እየተያየን ነበር የተከራከርነው፡፡

ጓደኞቼ አሁንም ሞኝ ይሉኛል፡፡ እናቴም በስልክ ‹‹የአባትሽ ልጅ›› ብላ ስትዘጋው ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም፡፡ ወሩ ሲመጣ ሰርግ ቪዲዮ የምቀርጽበት ሥራ ላይ ነው የምንጠለጠለው፤ ጥር የሰርግ ወር በመሆኑ ተመስገን፡፡ ለክፍላችን ልጆች ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በየቴሌግራም ቻናሉ ያገለገለ ካሜራ፣ ላፕቶፕና ሌንስ ስታድኑ የምትውሉ እናንተ ናችሁና፡፡ ነገ የምንተዳደረው ያወቅነውን ለማያውቀው በመንገር ነው፡፡ ሥነ ምግባር ኮርስ ላይ መረጃ መደበቅ ምን እንደሆነ ለመምህሩ ስናብራራ ቃል አያጥረንም፡፡ ኪሳችን የገባበት ጊዜስ?

እስካሁን የታኅሣሥንና የጥርን ከፍያለሁ፡፡ ሁለቱንም ጊዜ ጊታሩን ይዤ እንድሄድ ታዝዣለሁ፡፡ የመጀመሪያ ቀን ከጓደኛዬ የተማርኩትን አንድ ነገር ፈጥኜ ስጫወትላቸው ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰሙኝና ‹‹ምን አስሮጠሽ?›› አሉኝ፡፡ ባለቤታቸው ትዝታ ሲጫወቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያዘግሙ በእጃቸው አየር ላይ አሳዩኝ፡፡ እሳቸው ጊታር ነክተው አያውቁም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሰምተዋል፡፡ የጥር ላይ ትንሽ ዝግ ብዬ ሞከርኩ፡፡ ‹‹እሱ ይሻላል፤ ሦስተኛው ክር ግን ላልቷል›› አሉ፡፡ ስሞክረው እውነትም ላልቷል፡፡